ታሪካችንን በሰው ፊደል ስንፈልግ

በሐምሌ 1868 ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል እንግሊዛዊት ፎቶግራፍ አንሺ፣ አይል ኦፍ ዋይት በሚባለው ደሴት ላይ የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ ፎቶ አነሳች። (ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ልጁ አባቱን ካጣ ሦስት ወር፣ እናቱን ካጣ ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ናቸው። ልጁ ልዑል ዓለማየሁ ነው።

ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። በለንደንና በአሜሪካ ትልልቅ ሙዚየሞች የኦንላይን ስብስብ ውስጥ ማንም ሰው በነፃ ሊያያቸው ይችላል። ግን አንድ ችግር አለ። የፎቶዎቹ ርዕስ የተጻፈው በጊዜው እንግሊዞች ስሙን በሰሙበት ጆሮ ነው፦ «ደጃች አላማዩ፣ የንጉሥ ቲዮዶር ልጅ»። በላቲን ፊደል ሲጻፍ መጨረሻው በ«ዋይ፣ ኦ፣ ዩ» ያልቃል። ዛሬ እኛ የምንጽፈው ደግሞ በ«ዋይ፣ ኢ፣ ኤች፣ ዩ» ነው። አባቱን «ቴዎድሮስ» ብላችሁ ብትፈልጉም ርዕሱ ላይ ያለው «ቲዮዶር» ነው። አብሮት ፎቶ የተነሳው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲም ቢሆን አንዳንዱ ፎቶ ላይ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ስሙ ብቻ ሳይሆን ኢትዮጵያ ውስጥ ባገኘው ስም ነው፦ ባሻ ፈለቀ። እሱም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጣሞ።

እና የድሮው አጻጻፍ ብቻ የተመዘገበበት ቦታ ሄዳችሁ የልጁን ስም አስተካክላችሁ ብትጽፉ፣ ስክሪኑ «ምንም ውጤት አልተገኘም» ይላችኋል። ልጁ እዚያው እያለ። አስተካክሎ የጻፈ ሰው የሚያጣበት፣ አጣሞ የጻፈ ሰው የሚያገኝበት ቦታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። በኦንላይን የቅርስ ስብስቦች ውስጥ «የለም» ማለት ብዙ ጊዜ «በዚህ ስም አልተመዘገበም» ማለት ነው። ለመፈለግ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደመዘገበው ማወቅ ያስፈልጋል። ጥሩ ፈላጊ ለመሆን ትንሽ ታሪክ አዋቂ መሆን ግድ ነው ማለት ነው።

ሰርች ቦክሱ የሚፈልገው ዕቃውን አይደለም

እንጀራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ፣ ከዚያች ነጭ ሳጥን ጀርባ ያለውን ነገር በቀላሉ ላስረዳ። ሲስተሙ አስቀድሞ መዝገቦቹን ሁሉ ያነብና ማውጫ ይሠራል። አንዳንድ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ «ይህ ቃል በዚህ በዚህ ገጽ ይገኛል» የሚል ዝርዝር አለ አይደል? ልክ እንደሱ ነው። እናንተ ቃል ስትጽፉ ኮምፒውተሩ ያንን ቃል ማውጫው ውስጥ ያያል። ካለ መዝገቦቹን ያመጣል። ከሌለ ዜሮ።

ልብ በሉ፣ ብራናውን አላየም። ፎቶውን አላየም። ያየው አንድ ሰው ስለ ብራናው የጻፈውን ጥቂት መስመር ነው። የተሻሉ ሲስተሞች ተመሳሳይ አጻጻፎችን ለማዛመድ ይሞክራሉ፤ ለእንግሊዝኛ ቃላት ጥሩ ይሠራል። «መቅደላ» በ«ኪው»ም በ«ጂ»ም እንደሚጻፍ ግን አንድ ሰው ካልነገረው በራሱ አያውቅም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሰውየው ይመለሳል። ያንን መስመር የጻፈው ማን ነው?

ከመቅደላ እስከ ካታሎግ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም እጅ ከመስጠት ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ የሆነውን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ የተጫነ ምርኮ ወደ ደላንታ ሜዳ ወርዶ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ብሪቲሽ ሙዚየም ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የራሱን ሠራተኛ ከጦሩ ጋር ልኮ እንደነበረ ነው። ሆልምስ ለሙዚየሙ ገዛ፣ ሰበሰበ። በመጨረሻ ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ሙዚየሙ ገቡ።

እነዚህን ብራናዎች በካታሎግ ያሰፈረው ዊልያም ራይት ነው፤ ሥራው በ1877 ታተመ። ራይት ትልቅ ምሁር ነበር፣ ካታሎጉም እስካሁን ያገለግላል። ነገር ግን የጻፈው ለለንደን፣ ለበርሊንና ለፓሪስ ምሁራን ነው። ለኛ አልጻፈም፤ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በስልኩ የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ ሊያስብም አይችልም። ከሱ በፊት በ1847 የወጣው የዲልማን ካታሎግማ ጭራሽ በላቲን ቋንቋ ነው።

ዛሬ ኦንላይን የምናገኛቸው ብዙ መዝገቦች የእነዚህ ካታሎጎች ልጆች ናቸው። አጭር ሆነው ተገልብጠው፣ ወደ ዳታቤዝ ገብተው እንጂ ከባዶ አልተጻፉም። ስለዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቃላት አሁንም ውስጣቸው አሉ። ግዕዝ «ኢትዮፒክ» ነው። አገሩ «አቢሲኒያ» ነው። ስንክሳርን «ሲናክሳሪየም»፣ መዝሙረ ዳዊትን «ሳልተር»፣ ገድልን «አክትስ» ወይም «ላይፍ»፣ ድርሳንን «ሆሚሊ»፣ ተአምረ ማርያምን «ሚራክልስ» በሚሉት ቃላት ፈልጓቸው። ወደ ሙዚየም ዕቃዎች ስትሄዱ ጸናጽል «ሲስትረም»፣ መቋሚያ «ፕሬየር ስቲክ» ይሆናል።

አንዳንዱ ስም ትርጉም ብቻ ሳይሆን ፍርድም አለበት። ክታብን ውሰዱ። ሰው በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ወይም ቤቱ የሚያስቀምጠው፣ ጸሎት የተጻፈበት ብራና ነው። የድሮ ካታሎጎች «ማጂክ ስክሮል»፣ የአስማት ጥቅልል ይሉታል። አዳዲሶቹ ደግሞ «ሂሊንግ ስክሮል»፣ የፈውስ ጥቅልል። ክታብ የምትፈልጉ ከሆነ ሁለቱንም መጻፍ አለባችሁ። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ የምታዩት የአንድ ዘመን አመለካከት የሰበሰበውን ብቻ ነው።

ሌላ ደግሞ ልጨምር። ብራናዎቹ «የመቅደላ» ይባሉ እንጂ ብዙዎቹ መቅደላ ላይ አልተጻፉም። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለሚያሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው ናቸው። ስለዚህ «መቅደላ» ብሎ መፈለግ የተወሰዱበትን ቦታ ይሰጣችኋል እንጂ የተሠሩበትን አይደለም። የተሠሩበትን ለማግኘት የጎንደር አድባራትን ስም፣ የነገሥታቱንና የእቴጌዎቹን ስም እየቀያየሩ መሞከር ነው።

ደግሞ ቤቱን አትሳቱ። ብሪቲሽ ላይብረሪ በ1973 ከሙዚየሙ ተለይቶ ራሱን ሲችል ብራናዎቹ ወደ ላይብረሪው ሄዱ፤ ዕቃዎቹ ሙዚየሙ ቀሩ። የመቅደላን ብራና በብሪቲሽ ሙዚየም ዌብሳይት ላይ የሚፈልግ ሰው የተሳሳተ ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ትበላለች።

በደብዳቤ የተደረገው ፍለጋ

በዚህ ስብስብ ላይ ከተደረጉት ፍለጋዎች ሁሉ ትልቁ የተደረገው ያለ ኮምፒውተር ነው። በ1872 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ጻፉ። ከመቅደላ ከተወሰደው ሁሉ ሁለት ነገር ነው በስም የጠየቁት፦ ኩርዓተ ርእሱ የሚባለውን የጌታ ሥዕልና ክብረ ነገሥትን።

እንደ ፈላጊ አስቧቸው። ቁጥር የላቸውም። ካታሎጉ ገና አልታተመም። ያላቸው የመጽሐፉ ስምና ውስጡ ምን እንዳለ ማወቃቸው ነው። ያ በቂ ሆነ። ሙዚየሙ ፈልጎ ሁለት ቅጂ አገኘ፤ አንዱን መለሰ። ሥዕሉ ግን ሳይመለስ ቀረ። ለምን መሰላችሁ? ሙዚየሙ መዝገብ ውስጥ አልነበረማ! ሆልምስ ለራሱ አስቀርቶት ነበር። መዝገብ ያልገባ ነገር ምን ያህል አጥብቀው ቢፈልጉት በመዝገብ አይገኝም። ሥዕሉ በይፋ ብቅ ያለው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1905 ፎቶው አንድ የለንደን የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ሲወጣ ነው።

እዚህ ላይ ወጣት አንባቢ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ሁሉ ወርቅና አክሊል መሀል መጽሐፍ ለምን ጠየቁ? በደብዳቤያቸው እንዳስረዱት መጽሐፉ የአገሩን ሕግ፣ የሹማምንቱን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱንና የአውራጃዎቹን ነገር የያዘ ነው፤ ያለሱ ሰው አልታዘዝም አለኝ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። የሰሎሞንና የንግሥተ ሳባ ትረካ ብቻ ቢሆን እንዲህ አይባልለትም ነበር። ከትረካው ጋር አብሮ የተጠረዘው የአስተዳደር ጽሑፍ ነው ክብደቱ።

ይሄ ለፈላጊ ትልቅ ፍንጭ ነው። በኛ አገር ልማድ የመሬት ስጦታ፣ የጉልት ውል፣ የንብረት ዝርዝር፣ የሹመት ማስታወሻ፣ ለብቻው ፋይል ተደርጎ አይቀመጥም ነበር። የሚጻፈው በቅዱስ መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነው፤ በተለይ በወንጌል ላይ። ወንጌል ላይ የተጻፈን ማን ይፍቃል? ወንጌሉ እንደ ማኅተም ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ የአካባቢያችሁን የመሬት ታሪክ ለማግኘት «መሬት» ብላችሁ አትፈልጉ። የደብሩን አራቱ ወንጌል ፈልጉ። ከዚያ መዝገቡን ወደ ታች ውረዱና «ተጨማሪ ጽሑፎች» ወይም «ማስታወሻዎች» የሚለውን ክፍል አንብቡ። የርዕሱ መስመር ላይ ያለው «አራቱ ወንጌል» የሚል ደረቅ ቃል ነው፤ ታሪኩ ያለው ታች ነው።

አንድ ስም፣ ሃያ አራት አጻጻፍ

«ታዲያ በላቲን ከምንቸገር በፊደላችን ብንፈልግስ?» ትሉ ይሆናል። በብዙ ዳታቤዝ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ጭራሽ ስለሌለ ውጤቱ ዜሮ ነው። ባለበትም ቢሆን ሌላ ወጥመድ አለ።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለው። ለኛ ጆሮ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ስድስት የማይተዋወቁ ቁጥሮች። አሁን «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል በስድስት መንገድ ይጻፋል። «ሥ» በሁለት። የመጨረሻው «ሴ» በሁለት። ስድስት ሲባዛ በሁለት ሲባዛ በሁለት፣ 24። ሁለቱን ቃላት ገጥሞ የሚጽፍም ሰው ስላለ 48 አድርጉት። ሁሉም ሲነበቡ አንድ ናቸው። ሰርች ቦክሱ ግን፣ ካልተነገረው በቀር፣ 48 የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ ነው የሚያምነው።

በላቲን ደግሞ ጉዳዩ የፊደል ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ነው። ምሁራን ስማችንን የሚጽፉበት ሥርዓት ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ይለያያል። «ደብረ» የሚለውን ቃል አንዱ በተራ «ኤ» ይጽፈዋል፤ ሌላው «ኤ» ላይ ሁለት ነጥብ ያስቀምጣል፤ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካም ይሄንን ነው የያዘው። እኛ ፌስቡክ ላይ በ«ኢ» እንጽፈዋለን። «ቀ» አንዴ «ኪው»፣ አንዴ «ኬ»፣ አንዴ ከሥሯ ነጥብ ያላት «ኬ»፣ መቅደላ ላይ ደግሞ «ጂ» ትሆናለች።

የሚሠራው ዘዴ ተነባቢዎቹን መያዝ ነው። አናባቢዎቹ ከሥርዓት ሥርዓት ይዋልላሉ፤ ተነባቢዎቹ ይበልጥ የጸኑ ናቸው። ኮከብ ምልክትን እንደ «ማንኛውም ፊደል» የሚቀበል ዳታቤዝ ከሆነ በአናባቢዎቹ ቦታ ኮከብ አስገቡ። ካልተቀበለ አጭሩንና የማያሻማውን የስሙን ክፍል ብቻ ጻፉ። «ቅዱስ»፣ «አቡነ»፣ «ደብረ»፣ «እስጢፋኖስ» የሚሉትን መጀመሪያ ተዉአቸው፤ በመቶ ቦታ ስላሉና በመቶ መንገድ ስለሚጻፉ።

የሰው ስም ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የፈረንጅ ካታሎግ ግን ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ስም ወደ ፊት ያመጣል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ አንድ ቦታ «ጌታቸው» ሥር፣ ሌላ ቦታ «ኃይሌ» ሥር ይገኛሉ። የአባትየውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርጋችሁ መፈለግ ያስጠላል፤ ግን ፈልጉ።

ቁጥር አይተረጎምም

ፕሮፌሰር ጌታቸውን ካነሳን አይቀር ታሪካቸውን ሳንነግር አናልፍም። በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ብራና ቤተ መጻሕፍትና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በመተባበር የአገሪቱን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። ሥራው አብዮቱ ፈንድቶም አልቆመም። በመጨረሻ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ተነሱ። እያንዳንዱ «ኢኤምኤምኤል» የሚል ምልክትና ተራ ቁጥር ተሰጠው።

ጌታቸው ኃይሌ በ1975 ቤታቸው ውስጥ በወታደሮች ተተኩሶባቸው አካላቸው ሽባ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ሄዱ፤ ኮሌጅቪል ተቀምጠውም ማይክሮፊልሞቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ ማድረግ ያዙ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች ዊልያም ማኮምበር ሠርቷል፤ ከአራተኛው ጀምሮ የጌታቸው እጅ አለበት። አሥረኛው ቅጽ በ1993 ሲወጣ የተሸፈኑት ብራናዎች 5,000 ደረሱ። በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ፤ በ2021 አረፉ። ወደ አገሩ ሳይመለስ የአገሩን ገዳማት መደርደሪያ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ የዞረ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

የሳቸውን መዝገብ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ካታሎግ ጎን አስቀምጣችሁ ብታነቡ ልዩነቱ ይገባችኋል። ኅዳጉ ላይ ያለችው የሰው ስም፣ የቅኔዋ ዓይነት፣ የመልክዑ መጀመሪያ መስመር፣ የተረሳው ደራሲ ስም ሁሉ ይመዘገባል። ያልተመዘገበ ነገር አይፈለግም ብለናል፤ እሳቸው የመዘገቡት በዝቶ ስለመዘገቡ እኛ ዛሬ የምናገኘው በዛ።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? በምሳሌ እንየው። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስና ስለ መሥራቹ አቡነ ኢየሱስ ሞአ መፈለግ ፈለጋችሁ እንበል። «ሐይቅ» በላቲን መጨረሻው «ኪው» ወይም «ኬ»፣ መሀሉ «ዋይ» ወይም «አይ» ሊሆን ይችላል፤ አራት አማራጭ። እስጢፋኖስን ጨምሩበት፤ አንዳንዱ በእንግሊዝኛ «ስቲፈን» ይለዋል። አቡነ ኢየሱስ ሞአን ጨምሩ። ፍለጋው ያደክማል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ ኢኤምኤምኤል 1832 የሚለውን ቁጥር ካገኛችሁ ሁሉም በር ይከፈታል። በ1280 ወይም 1281 የተጻፈው የገዳሙ ወንጌል ነው፤ የኢየሱስ ሞአ ሥዕል አለበት፤ ባዶ ገጾቹ ላይ የገዳሙ ንብረትና ስጦታ ተጽፎበታል። እንግሊዝኛው፣ ጀርመንኛው፣ ጣሊያንኛው ጥናት ስሙን በፈለገው መንገድ ይጻፍ፤ ቁጥሩን ግን እንዳለ ነው የሚጠቅሰው።

የሁሉም ስብስብ ቁጥር እንዲህ የራሱ ሰዋስው አለው። በብሪቲሽ ላይብረሪ የመቅደላ ብራናዎች «ኦር» ከሚል ምልክት በኋላ ቁጥር ይዘዋል፤ ራይት ካታሎጉ ውስጥ የሰጣቸው ተራ ቁጥር ግን ሌላ ነው። የድሮ ጥናት ስታነቡ የትኛውን ቁጥር እንደሚጠቅስ ለዩ። የቫቲካኖቹ «ቫት» እና «ኤት» ከሚሉ ምልክቶች በኋላ ይመጣሉ።

የፓሪሱ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ቁጥር ደግሞ ራሱ ታሪክ ይተርካል። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ ሚሲዮን ጎንደር አጠገብ ካለው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹን አንስቶ፣ በምትኩ ቅጂ ለጥፎ ወደ ፓሪስ ወሰደ። ሚሲዮኑ በ1931 እና 1933 መካከል ከአፍሪካ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ጫፍ የሰበሰባቸው ዕቃዎች ቁጥር የሚጀምረው 71.1931.74 ብሎ ነው። 71 ከቀድሞው የሰው ሙዚየም መምጣቱን፣ 1931 የምዝገባውን ዓመት፣ 74 የጭነቱን ተራ ያሳያል። ይህን ቁጥር ከያዛችሁ የዕቃውን የፈረንሳይኛ ስም ማወቅ ሳያስፈልጋችሁ አንድ ላይ የተጫነውን ሁሉ መከተል ትችላላችሁ። ጎንደርን ስትፈልጉ ያላገኛችሁትን ጭነቱን ስትከተሉ ታገኙታላችሁ።

የማያስደስት ግን የሚሠራ ሌላ ዘዴም አለ፤ የወሰደውን ሰው ስም መጻፍ። የሙዚየም መዝገብ «ከማን የተገኘ» የሚል ሳጥን አለው። አንዳንድ ዕቃ «መስቀል፣ ኢትዮጵያ» ከሚል ውጪ ምንም አልተጻፈበትም፤ ሳጥኑ ውስጥ ግን ሆልምስ ወይም ናፒየር የሚል ስም ተቀምጧል። ባለቤቱ ሲረሳ ወሳጁ ተመዝግቧል። እሱን ይዛችሁ ወደ ባለቤቱ ተመለሱ።

ዓመትንም በጥንቃቄ ተጠቀሙ። ፊልተሩ ላይ ያለው ዓመት የተሠራበት ነው ወይስ ሙዚየሙ የገባበት? ብራናው ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ወደ ፈረንጅ ተቀይሯል ወይስ እንዳለ ነው የገባው? የሰባት ስምንት ዓመት ስሕተት ቀላል አይደለም፤ ንጉሥ ይቀይራል። ከተጠራጠራችሁ ፊልተሩን በሁለቱም በኩል አሥር አሥር ዓመት አስፉት።

የማይታየውና የሚጠፋው

አንዳንድ ነገር በየትኛውም ዘዴ አይታይም፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦቶች አሉት፤ አብዛኞቹ ከመቅደላ የሄዱ። ለሕዝብ አይታዩም፣ ፎቶም አይነሱም። እዚያ ጋ የሚያጨቃጭቀው የት መኖር አለባቸው የሚለው ነው እንጂ ፎቷቸው ለምን የለም የሚለው አይደለም። ፎቶ የሌለው መዝገብ ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም።

ሌላው ግን ያስፈራል። በጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በሳይበር ጥቃት ተመታ። ራይሲዳ የሚባል ቡድን ሲስተሙን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ ላይብረሪው አልከፈለም። ካታሎጉ ወረደ፤ በዲጂታል የተነሱት ብራናዎች ገጾችም ከነሊንካቸው ጠፉ። ለመመለስ ከወራት በላይ ወሰደ፤ የተመለሰውም ቀስ በቀስ ነው። ብራናዎቹ መደርደሪያቸው ላይ ነበሩ። እኛ ግን፣ ለንደን ሄደን የማናያቸው ሰዎች፣ ለሁለተኛ ጊዜ አጣናቸው።

በዚያ ጊዜ ችግሩን የተቋቋሙት ቁጥሩን የጻፉ፣ የተፈቀደውን ያወረዱ ሰዎች ናቸው። ሊንክ ብቻ ያስቀመጠ ሰው የሞተ አድራሻ ይዞ ቀረ። የራይት የ1877 ካታሎግ ግን በስካን ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ስላለ ይሠራ ነበር። (እዚያ ስትፈልጉ በእንግሊዝኛው ክፍል ፈልጉ፤ ማሽኑ የድሮ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ግዕዝ ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌለው ምልክት አድርጎ ነው የሚያነበው።) ስለዚህ ልማድ አድርጉት፦ የተቋሙን ስም፣ ሙሉ ቁጥሩን፣ የገጹን ቁጥር፣ ያያችሁበትን ቀን። አራት ነገር ነው፤ ኖትቡክ ይበቃዋል።

መዝገቡን የሚያርም ሰው

መዝገብ የሰው ሥራ ነው ካልን ይታረማል ማለት ነው። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለ ፕሮጀክት ከ2016 ጀምሮ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን መረጃ በአንድ ቦታ እያዛመደ ነው። ለየድርሰቱ መለያ ቁጥር ይሰጣል፤ ይሄውም ክብረ ነገሥት በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ አንድ ድርሰት መሆኑን ኮምፒውተሩ እንዲያውቅ ነው። ዳታው ጊትሃብ ላይ ክፍት ነው። ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ የምታውቁት ቦታ ላይ የምታውቁት ሥራ ማለት ነው። ኮድ የማትጽፉም ብትሆኑ ብዙ ሙዚየሞች መዝገባቸው ላይ አስተያየት መላኪያ አድራሻ አላቸው።

የምትልኩት ነገር ትልቅ መሆን የለበትም። «ይህ ደብር አሁን በዚህ ስም ይጠራል።» «ይህ ሥዕል ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲህ ነው የሚለው።» «የዚህ ልጅ ስም በአማርኛ ዓለማየሁ ነው፤ በእንግሊዝኛም ዛሬ እንዲህ ይጻፋል።» የድሮውን አጻጻፍ አስጠፉት አትበሉ። እሱም ታሪክ ነው፤ ማን እንዴት እንደሰማን ያሳያል። ከጎኑ ሁለተኛ ስም እንዲጨምሩ ብቻ ጠይቁ። አንድ መስመር ከተጨመረ፣ ከእናንተ በኋላ ስሙን አስተካክሎ የሚጽፍ ልጅ ዜሮ አያገኝም።